በደረት ተኝተው የሚያዩት ሣር

ነገሌ ቦረና ውስጥ በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ፎቶ የተነሣ ሰው፣ ወታደርም ይሁን ሙሽራ፣ ሰማታር ዓብዱሰመድ ፊት ተቀምጦ «አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና» ተብሎ ያውቃል። ሰማታር ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናደድ የሚንተባተብ ሰው ነው። አባቱ ገበያው ዳር ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና አቡጀዴ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸውም ሚዛኑን ይወርሳል ብለው ነበር የሚያስቡት። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ግን አንድ የጦር ሰፈሩ ፎቶ አንሺ ወዳገሩ የሚሳፈርበት አጥቶ ዜኒት ካሜራውን ለገበያ አወጣው። ሰማታር ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ አባቱ ፊት አልቅሶ አስገዛ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ «በዚህ ፊልም በሚበላ ዕቃ ፈንታ ግመል ብገዛ ይሻለኝ ነበር» እያሉ እንዳጉረመረሙ ኖሩ። ግመሉ ይሻል እንደነበር ዛሬ ሰማታር ራሱ የሚያምንበት ቀን አለ።

ፎቶ ቤቱን የከፈተው ወደ ጦር ሰፈሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ደንበኞቹ ከየአገሩ የመጡ ወታደሮች ነበሩ፤ ጎጃሜው፣ ወላይታው፣ መንዜው። ለመታወቂያ ጉርድ ይነሣሉ፤ ከዚያ ለእናታቸው የሚልኩት አንድ ሙሉ ቁመና ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ላይ በሩ ላይ አቁሞ ያነሣቸው ነበር። አንድ ቀን ተክሉ የሚባል ወታደር የታጠበለትን ፎቶ ተቀብሎ ትክ ብሎ አየው። ከጀርባው ቀይ አቧራና አንድ ኩይሳ ብቻ ነው ያለው።

«ይህንን ብልክላት እናቴ ተዝካሬን ታወጣለች» አለ። «እባክህ ትንሽ ሣር አድርግበት።»

ሰማታር ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከጆሮው አልወጣም። ደገኛ እናት ልጇ ያለበትን አገር የምታውቀው በፎቶው ጀርባ ነው። ስለዚህ ሣር ማደን ጀመረ። በዝናብ ሰሞን እየወጣ ሜዳውን ያነሣል፤ ካነሣው ውስጥ የወደደውን ሻሸመኔ ልኮ በትልቁ ያሳጥብና ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ወታደሩ ከፊቱ ይቆማል። ኋላ ባነር ማተሚያ ሲመጣማ ግድግዳውን በሙሉ የሚሸፍን ሜዳ አሳትሞ ሰቀለ። ስንቷ እናት ልጇ ገነት የገባ መስሏት ተኝታ ይሆን!

በዚያ አገር አረንጓዴ የሚታይበት ጊዜ አጭር ነው። መጋቢት ላይ የሚጀምረው ትልቁ ዝናብ ጋንና አለ፤ መስከረም ላይ የሚመጣው ትንሹ ሀገያ አለ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ደረቅ ነው። ሰማታር የብርሃኑን ጠባይ እንደ ሚስቱ ጠባይ አወቀው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቆላው ነጭ ነው፣ ምንም አይታይበትም። ማለዳና አመሻሽ ላይ ግን ብርሃኑ በጎን ስለሚመጣ እያንዳንዷ ቅጠል ጥላ ታበጃለች፤ አንዱ ሣር ሁለት ይመስላል። ደመናው በምሥራቅ ጠቁሮ ፀሐይዋ በምዕራብ ከቀረች ደግሞ አረንጓዴው ይነዳል። ከሁሉ በላይ የተማረው ግን መተኛትን ነው። ቆመህ ስታየው እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ያለ፣ በመካከሉ ቀይ መሬት የሚታይ ሣር፣ በደረትህ ተኝተህ ካሜራውን መሬት አስነክተህ ብታየው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ምንጣፍ ይሆናል። ይህ ማታለል ነው ያለው ሰው አልነበረም፤ እሱም ሙያ ነው ብሎ ነበር የያዘው። የሸሚዙ ደረት ሁልጊዜ ቀይ ስለሆነ ሚስቱ ሃያት «አንተ ሰውዬ፣ እንሽላሊት ነው እንዴ ያገባሁት?» ትለው ነበር።

የት እንደዘነበ የሚነግረው ሞሉ ነው። ሞሉ ከብት አርቢ ቦረና ሲሆን፣ አባቶቻቸው ወዳጆች ስለነበሩ ሁለቱ ሳይወለዱ ተዋውቀዋል ማለት ይቻላል። የሞሉ እናት ለገበያ ወተት ይዘው ሲመጡ የሚያርፉት ከነሰማታር ሱቅ በር ላይ ነበር፤ ሰማታርም ያደገው በዚያ ወተት ነው። ሁለቱ ሲጫወቱ ኦሮምኛውና አማርኛው ይደባለቃል። ሰማታር በኦሮምኛ ቢያወራው ደስ ይለው ነበር፤ ሞሉ ግን አማርኛ ማወቁን ይኮራበታልና «በከተማ አፍ እናውራ» ይላል። ስሙ በአማርኛ ስለሚያስቅ ወታደሮቹ «ሞሉ ወይስ ጎደሉ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ኮስተር ብሎ «ሞሉ አንድ ሰው ነው። የሞላው በረት ነው» ይላቸዋል።

«አካም፣ ናጋ?» ይባባላሉ ሲገናኙ።

«ናጋ። ሎን ናጋ?» ይላል ሰማታር፤ ከሚስትም ከልጅም በፊት ደኅንነቱ የሚጠየቀው ከብቱ ነውና።

«ሎን ናጋ።»

ስንት ደረሱ ተብሎ ግን አይጠየቅም። ከብት አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይጎድላል።

ከብቱ ወደ ሌላ ሜዳ ከመነዳቱ በፊት ቀድሞ ሄዶ የሚያይ ሰው ይላካል፤ ይህንን አቡሩ ይሉታል። የሞሉ አባት ለዚህ ሥራ ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ፤ ሞሉም ከእሳቸው የሰማውን ለሰማታር ደጋግሞ ነግሮታል። ሣሩን በእጅህ ንቀለው፤ ውሃውን ቅመሰው፤ እበቱን እየው፤ ከዚያ አንድ ሌሊት እደርበት። ያላደርክበትን አገር አየሁ አትበል። ሰማታር ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ከተማ ያደገ ሰው የከብት ነገር ሲነገረው እንደ ተረት ነው የሚሰማው።

በ2013 ሀገያው ቀረ፤ ጋንናውም ቀረ። በ2014 የመስከረሙ ሰማይ ጭራሽ ደመና እንኳ አላሳየም። ነገሌ ገበያ ላይ ላም ቆማ ዋለች፤ በነጻ ውሰዱ ቢባል እንኳ የሚወስዳት አልነበረም፣ ማን ምን ያበላታል? ሞሉ ከብቱን ይዞ ከከተማው በስተምዕራብ፣ የአራት ቀን የከብት መንገድ ርቆ ሰፈረ። እዚያ ሣሩ ቢያልቅም ትንሽ ውሃ ነበር፤ እሱና ቤተሰቡ የግራር ፍሬ እያራገፉ፣ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ላሞቹን በእጅ ይመግቡ ነበር። ልጁ ፋይዳ ስልክ ስላላት ወሬው የሚደርሰው በእሷ ነው። ሰማታርን እንደ አባቷ ወንድም ቆጥራ አቤራ ነው የምትለው።

«አቤራ፣ እዚያ ደመና አለ?» ብላ በየሁለት ቀኑ ትጠይቀዋለች።

«የለም፣ ልጄ።»

ይህን «የለም» ማለት እያደር ይከብደው ጀመር። አንድ ቀን እንኳ አለ ብሎ ቢነግራት ብሎ ተመኘ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገር የሚበላሸው፤ ሰው የምሥራች ሲርበው የሚያየው ሁሉ የምሥራች ይመስለዋል።

ሚያዝያ ላይ ለአንድ ሠርግ ወደ ዳዋ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ሄዶ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ጎማ እስኪቀይር ሰማታር ወረደ። ከአምስት ቀን በፊት አንድ ጊዜ ጥሎበት ኖሮ ሜዳው ቡቃያ አውጥቷል። በምሥራቅ ደመናው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል፤ የአመሻሿ ፀሐይ በስተጀርባው ትገባለች። ሮጠ። የሃምሳ ዓመት ሰው መሆኑን ረስቶ ሮጠና በደረቱ ተኛ። በካሜራው ውስጥ ያየው ሜዳ እስከ አድማስ ድረስ አረንጓዴ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አላየም። እንባው መጣ። አነሣ፣ ደግሞ አነሣ። ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋበት ተነሥቶ ደረቱን ሳያራግፍ ተሳፈረ። እዚያ ሜዳ ላይ የቆየው ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም።

ኔትዎርክ ያለበት ሲደርሱ ካነሣው ሁሉ የበለጠውን መርጦ ለፋይዳ ላከላት። ከሥሩም የቦታውን ስም ጠቅሶ «ሮባ መጣ!» ብሎ ጻፈበት፤ ዝናብ መጣ ማለቱ ነው። በሕይወቱ ካነሣቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው ያ ነበር፤ ይህንን እሱም ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ሞሉ ራሱ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ እንደ ልማዱ ያወራው በከተማ አፍ ነው።

«ሰማታር፣ ይሄ ሣር… ያየኸው ነው?»

በዚያ ሰሞን የሰው ሁሉ ስልክ በአሮጌና በሌላ አገር ፎቶ ተሞልቶ ነበር። አንዱ የኬንያን ዝናብ የዛሬ ነው ብሎ ይለጥፋል፣ ሌላው ያምናል። ሰማታርም ጥያቄውን የሰማው እንዲያ ነው፤ የራስህ ፎቶ ነው ወይስ ከሰው የወሰድከው እንደተባለ። ትንሽም ከፋው። ለእኔ ይህ ይባላል?

«በ… በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው!» አለ። «የሰው ፎቶ ልኬልህ አውቃለሁ?»

«አንተ ካየኸው ደግ ነው» አለ ሞሉ። ስልኩ ተቋረጠ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። አቡሩ ሲመለስ የሚጠየቀው ያው ጥያቄ ነው፤ ያየኸው ነው? ነቅለኸዋል፣ ቀምሰኸዋል፣ አድረህበታል ማለት ነው። ሰማታር ይህንን ያውቅ ነበር። ባያውቅ ኖሮ ዛሬ ኀዘኑ ይቀልለት ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን የጠየቀው ከብት አርቢው ሞሉ መሆኑን ረስቶ ለፎቶው ክብር መለሰ።

በዘጠነኛው ቀን ፋይዳ ደወለች። «አቤራ፣ ና» ብቻ ነው ያለችው።

ሰማታር የጭነት መኪና ፈልጎ፣ ጭድ ከየትም ለቃቅሞ ጭኖ፣ ሞሉ በእሱ ቃል ከብቱን ወደነዳበት ወደዚያ ሜዳ ወረደ። የደረሰው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሜዳው ነጭ ነበር። ቡቃያው በፀሐይ ተቃጥሎ የጥፍር ያህል ቁመት እንኳ አልቀረውም። ከመንገዱ ጀምሮ ላሞች ወድቀዋል፤ አንዷ እዚህ፣ ሁለቱ እዚያ፣ ጥጃዋ ከእናቷ ሆድ ተጠግታ። አራት ቀን በባዶ ሆድ ተነድተው ሲደርሱ የሚነጭ አጥተው አፈር ልሰዋል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቀዝቃዛ ዝናብ መጣ፤ አጥንታቸው ብቻ የቀረውን ከብቶች የጨረሳቸው ያ ሲጠብቁት የኖሩት ዝናብ ነው። ጭዱን የሚበላ አልነበረም። ሹፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ ፊቱን ወደ መሪው አዞረ።

ሞሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰማታርን ሲያይ ተነሣ።

«አካም፣ ናጋ?» አለው፤ ሰላምታ አይቀርምና።

«ናጋ» አለ ሰማታር። ቀጥሎ የሚባለውን ግን ምላሱ እምቢ አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለው የኖረውን ቃል ያን ቀን ማውጣት አልቻለም። ሞሉ ጠበቀው፤ ጠብቆ ጠብቆ ተወው።

«ፎቶውን የት ሆነህ ነው ያነሣኸው?» አለ በመጨረሻ።

ሰማታር በእጁ አሳየው።

«እንዴት ሆነህ?»

ሰማታር ሄዶ በደረቱ ተኛ። ሞሉ መጣና በትሩን መሬት ላይ አኑሮ፣ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ከጎኑ ተኛ። ጉንጩን አፈሩ ላይ አድርጎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ በሞቱ ከብቶች መካከል፣ በደረታቸው ተኝተው ሜዳውን አዩ። ፋይዳ ከሩቅ ሆና አባቷ የወደቀ መስሏት ጮኸች።

«እውነትህን ነው» አለ ሞሉ። «ከዚህ ሲያዩት ሣር አለ። አልዋሸህም።» ከዚያ ረጋ ብሎ፣ እንደሚያስረዳ ሰው፣ «ላም ግን ተኝታ አትግጥም» አለ።

ሰማታር እዚያው አፈሩ ላይ አለቀሰ። ሞሉ ደግፎ አስነሣው፤ የሸሚዙን ደረትም በመዳፉ አራገፈለት። «ተው፣ በቃ። በፊት በነበርንበት የቀሩት የጎረቤቶቼ ከብቶችም አልተረፉም። ከዋቃ የመጣ ነው» አለው። ይህንን ያለው ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ሞሉ የማያምንበትን አይናገርም፤ ከልቡ ይቅር ብሎት ነበር።

ከብት የሌለው ቦረና ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? የነሞሉ ቤተሰብ ከተማው ጫፍ ላይ ከላስቲክና ከቅርንጫፍ ጎጆ ቀልሶ ገባ። ሃያት ምሳ ባቀረበች ቁጥር ድርሻቸውን እያሰበች «ሞሉ፣ አንቱ ካልቀመሱ እኛም አንበላም» ብላ ታስቀምጣቸዋለች። ሰማታር ባነሩን አውርዶ ነጭ ጨርቅ ሰቀለ። ማንም ልብ አላለውም፤ የዛሬ ወታደር ለእናቱ በስልኩ ራሱን አንሥቶ ይልካል፣ ሣር የሚለምን ቀርቷል። ሞሉ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር። ብዙ አያወሩም። ሰማታር ግን ሥራ ላይ ሆኖ የዚያን በትር ጫፍ በበሩ ሲያይ ልቡ ያርፍ ነበር፤ ከብቱን ያሳጣሁት ወዳጄ ዛሬም መጣ፣ ዛሬም አልጠላኝም ይል ነበር በሆዱ።

በ2015 ጋንናው ዘነበ፤ ያውም አንጀት የሚያርስ ዝናብ። ሣሩ ጉልበት ደረሰ፣ የሚበላው ግን አልነበረም። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ሞሉ ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

«ሰማታር፣ ከብቶቼን አሳየኝ።»

«ምን አልክ?»

«ፎቶ ላይ ያሉትን። ፋይዳ ልትወልድ ነው። ልጇ በረታችን ምን እንደነበረ አያውቅም። ዲምቱን አሳየኝ፣ ቀይዋን። ቡሬንም። ሁሉንም ባይሆን አንዱን አጥበህ ስጠኝ፣ ጎጆው ውስጥ እሰቅለዋለሁ።»

ሰማታር በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ለሞሉ የሚሰጠው አንድ ነገር ሲፈልግ ነበር፤ ይኸው ራሱ ጠየቀው። «ነገ ና፣ አይ፣ ከሦስት ቀን በኋላ» አለ። ፎቶ ቤቱን ዘጋና ከሃያት ጋር የፊልም ሳጥኖቹን አወረዱ። የሠላሳ ዓመት ኔጋቲቭ ነው፤ ከጉርዱና ከሠርጉ ለይተው የሜዳውን ብቻ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሡ አዩት። ኋላም በኮምፒዩተር ያለውን አዩ። ሦስት ቀን ፈጀ።

ሣር አለ፤ ደመና አለ፤ ቀስተ ደመና እንኳ አለ። ላም የለም።

በሁለተኛው ቀን ነው ትዝ ያለው። እናቶች ልጃቸውን እንጂ ከብት አይፈልጉም፤ ከብት ደግሞ ሣር ይረግጣል፣ አቧራ ያስነሣል። ስለዚህ ሰማታር ካሜራውን ሲያስተካክል «ሞሉ፣ ከብቱን አሳልፍልኝ!» ብሎ ይጮኽ ነበር። ሞሉም ያሳልፍለታል፤ እየዘፈነላቸው፣ ቀስ አድርጎ፣ ዲምቱን ከፊት አስቀድሞ፣ በካሜራው ፊት ለፊት። ሰማታር የመጨረሻዋ ጥጃ እስክታልፍና አቧራው እስኪወርድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ያነሣል። አንድ ጊዜ፣ ብዙ ዓመቱ ነው፣ ሞሉ ዲምቱን ቀንዷን ይዞ አቁሞለት ነበር። «ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ጥሩ አይወጣም። ሌላ ቀን» አለው። ሌላ ቀን ግን አላነሣትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞሉ ሲመጣ ሰማታር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። አቧራ ብቻ የሚታይበት አንድ ፎቶ አግኝቶ ነበር፤ ያንን ሊሰጠው አስቦ ኪሱ ከተተው፣ አፍሮ አላወጣውም።

«የለም» አለው።

«ዲምቱም?»

«ዲምቱም። አንድም የለም፣ ሞሉ። ሁልጊዜ… ሁልጊዜ ካለፉ በኋላ ነው የማነሣው።»

ሞሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሰማታር እንዲሰድበው ጠበቀ፤ ቢሰድበው በወደደ ነበር።

«አሳልፍልኝ ስትለኝ» አለ ሞሉ፣ «የምታነሣው እነሱን መስሎኝ ነበር።»

በትሩን አንሥቶ ተነሣ፤ በሰላም ዋል ብሎትም ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሳልስቱም አልመጣም። ሰማታር ጎጆው ድረስ ሄዶ ሁለት ጊዜ ጠየቀው፤ ሞሉ በክብር ተቀበለው፣ ውሃ አስቀረበለት፣ የሃያትን ደኅንነት ጠየቀ፤ ከዚያ የሚያወሩት ጠፋ። የከብቶቹን ሞት ይቅር ያለ ሰው ይህን ይቅር ማለት አቃተው፣ ወይም ይቅር ብሎም መምጣቱ አቃተው፤ ሰማታር የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ገበያ መካከል ይተላለፋሉ።

«ናጋ?» ይላል አንዱ።

«ናጋ» ይላል ሌላው፤ ሌላም አይጠያየቁም።